ባንጆ እስላለሁ፤ ምን አድርጌ ልሳልላችሁ?

እርሳስ በጆሮ | ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ክፍል የሥዕል ስለሆነ እዚህ ለጠፍኩት፤ ቦታው ካልሆነ አወያዮች አንሡት።

ባለፈው ጥቅምት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ጎረቤት ቤት ሊቀይር ዕቃውን ሣሩ ላይ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ድስት ልገዛ ወርጄ ባንጆ የሚሉትን የክር መሣሪያ ታቅፌ ተመለስኩ። ባለ 5 ክር፣ ጀርባው ክፍት፣ ፊቱ በቆዳ የተወጠረ ያረጀ ባንጆ ነው። ልማረው አስቤ ነበር። ማሞቂያው አጠገብ ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ እኩለ ሌሊት ላይ "ጧ!" ሲል ሌባ የገባ መስሎኝ ከአልጋዬ ዘለልኩ። ቆዳው ከዳር እስከ መሃል ተተርትሯል።

መጫወቱ ቀረና መሳሉ ተጀመረ። ጠረጴዛዬ ላይ ተንጋሎ ሳየው አንዴ እጀታ ያለው ሰፌድ ይመስለኛል፣ አንዴ መጥበሻ፣ አንዴ ሙሉ ጨረቃ ላይ የተቀሰረ ጣት። ብርዱ ገና ብዙ ነው፤ በ11 ሰዓት ይጨልማል። ስለዚህ እናንተ ጠይቁኝ፣ እኔ ልሳል። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ። ባንጆ ይኑርበት እንጂ ሌላው የእናንተ ነው፤ እንስሳም፣ ዕቃም፣ ተረትም ይሁን። ገንዘብ የለበትም። የምሠራው ወረቀት ላይ በቀለም ብዕርና በውኃ ቀለም ነው። ቀን ሥራ ስላለኝ ቶሎ ቶሎ አይደርስም።

ለመክፈቻ ይኸው። ዶሮ ባንጆ ታቅፋ ቁጭ ብላለች። ከሥሯ የሚታዩት 5ቱ እንቁላሎች የባንጆው መቃኛዎች ናቸው።

[ምስል፦ ታቃፊ ዶሮ]


ሰፌድ ነኝ | ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 3፡32

"እጀታ ያለው ሰፌድ" ስትዪ በስሜ ጠራሽኝ ማለት ነው፤ ዝም ብዬ አላልፍም ሃሃሃ። የኔ ጥያቄ፦ አንዲት ሴት የባንጆውን አንገት ይዛ ጤፍ ስታንገዋልልበት። እብቁ ሲበን ወፍ ይሁን።


ቡና ሰዓት | ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 4፡05

ጀበና። አንገቷ የባንጆ አንገት። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አይ፣ እፈልጋለሁ። በረካው ሳይደርስ ያንቀላፋ ሰው ጨምሪልኝ። ባለቤቴ ነው።


እርሳስ በጆሮ | ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 2፡50

ጀበናዋ ደርሳለች። አደከመችኝ። የጀበና ሆድ ድቡልቡል ነው፣ የባንጆ ፊት ደግሞ ዝርግ፤ ክሮቹን ሆዷ ላይ ስዘረጋቸው በገመድ የተጠፈረ ሙክት መሰለች። ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። በሦስተኛው ሆዷን ተውኩትና ክሮቹን በእንፋሎት ሠራኋቸው። ከአፏ 5 ቀጫጭን መስመር ይወጣል፣ ተጠማዞ ባለቤትሽ አፍንጫ ላይ ይታሰራል። ሲያንኮራፋ ይቃኛል።

የጤፉ እየደረቀ ነው። ወፎቹ ብዙ ውኃ ጠጡ።

[ምስል፦ ጀበና በእንፋሎት]


ቡና ሰዓት | ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 3፡01

አሳየሁት። "ይሄ እኔ አይደለሁም" ብሎ ተመልሶ ተኛ።


ባለማሲንቆው | ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 5፡20

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ዶሮዋን አይቼ ብቻዬን ሳቅኩ። አንድ ነገር ግን ልቆጥርብሽ ነው።

5ቱን መቃኛ አንድ ላይ ደርድረሻቸዋል። ባለ 5 ክር ባንጆ ራሱ ላይ ያለው መቃኛ 4 ብቻ ነው። አምስተኛዋ ክር አጭር ናት። መቃኛዋም ከአንገቱ ጎን፣ 5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካው ቀጭን ብረት) አጠገብ፣ ለብቻዋ ተገንጥላ ነው የምትቀመጠው። አውራ ጣት ነው የሚነካት። ዜማ አትከተልም፤ ሌሎቹ ሲወጡ ሲወርዱ እሷ ያችኑ አንድ ድምፅ ትላለች። ያ ባንጆ ሲባል ጆሮሽ ላይ የሚመጣው መንጣጣት የሷ ነው። እሷን ከዘለልሻት የሳልሽው እጀታ የተገጠመለት ከበሮ ነው።

ቀልድ ነው ትዪኝ ይሆናል። ለቀልድም ቢሆን ክር ይቆጠራል።


እርሳስ በጆሮ | ታኅሣሥ 23፣ ከጠዋቱ 1፡15

ጋሼ፣ ፊቴ ቀላ። መሣሪያው እኮ ፊቴ ተጋድሞ ነው የሳልኩት! አንገቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ የሆነ ዕቃ መስቀያ ነገር መስላኝ ነበር።

ዛሬ ሥራ ከመሄዴ በፊት አስተካከልኩት። ዶሮዋ ሥር 4 እንቁላል ቀርቷል። አምስተኛዋ ተንከባልላ አንገቱ ጎን ላይ ተሰክታለች፤ ዶሮዋ አንገቷን ቆልምማ በጎሪጥ ታያታለች። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያው ሥዕል ዶሮ ያለበት ሥዕል ነበር። አሁን ግን ዶሮዋ ጉዳይ አገኘች።

[ምስል፦ ታቃፊ ዶሮ፣ ሁለተኛ]


ሰፌድ ነኝ | ታኅሣሥ 23፣ ከጠዋቱ 3፡40

የዶሮዋ ዓይን! ሦስተኛ ልጄ ቤት ዘግይታ ስትገባ የማያት አስተያየት ነው።


ትዝታ ሜጀር | ታኅሣሥ 24፣ ከምሽቱ 1፡30

ቅር እንዳይልሽ እህቴ፣ ሥዕሎችሽ ያምራሉ። ግን ለምን ባንጆ? ክራር አለን፣ ማሲንቆ አለን፣ በገና አለን፣ ዋሽንት አለን። የአስናቀች ወርቁን ክራር ሰምቶ ያደገ ሰው የፈረንጅ መጥበሻ ሲስል ማየት ትንሽ ይከብዳል። እዚያ ስለምትኖሪ ይሆናል።


ፖቶማክ ዳር | ታኅሣሥ 24፣ ከምሽቱ 4፡45

ወንድሜ ትዝታ፣ "የፈረንጅ" ያልከውን ልያዝ። እኔ ቨርጂኒያ ከባድ መኪና ነጂ ነኝ፤ መንገድ ላይ ይህን ሙዚቃ ስለምሰማ ማንበብ ጀምሬ ሱስ ሆነብኝ።

ባንጆ የነጭ ገበሬ መሣሪያ የሚመስለን ሲጫወቱት ያየናቸው እነሱ ስለሆኑ ነው። ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። በባርነት ተግዘው ካሪቢያንና ሰሜን አሜሪካ የደረሱ ሰዎች የአገራቸውን መሣሪያ በትዝታቸው ይዘው፣ እዚያ ባገኙት ቅል፣ ቆዳና እንጨት ሠሩት። ሃንስ ስሎን የሚባል የለንደን ሐኪም በ1687 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ጃማይካ ሄዶ ነበር፤ ያየውን የባሮቹን መሣሪያ በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አስሎ አውጥቶታል። ዛሬም ሴኔጋልና ጋምቢያ ያሉ የጆላ ሰዎች አኮንቲንግ የሚሉት አለ፦ ቅል፣ ቆዳ፣ ረጅም እንጨት፣ 3 ክር። አንደኛዋ አጭር ናት፤ የምትመታውም በአውራ ጣት ነው።

አሁን ጋሼ ስላነሷት አጭር ክር ልምጣ። ቨርጂኒያ ተወልዶ በ1840ዎቹ ባንጆን በየመድረኩ ያዞረው ጆኤል ስዊኒ የሚባል ነጭ ነበር። አጭሯን ክር የፈለሰፈው እሱ ነው እየተባለ ለብዙ ዘመን ተጻፈ። ዊልያምስበርግ ሙዚየም ውስጥ ግን አንድ ትንሽ የውኃ ቀለም ሥዕል አለ። በ1785 እና በ1790 መካከል ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የተሳለ ነው፤ ሳለው የሚባለው ጆን ሮዝ ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ባሮቹ ይጨፍራሉ፣ በቀኝ በኩል አንዱ ተቀምጦ የቅል ባንጆ ይመታል። ክሩን ስትቆጥሩ 4 ነው፤ ከ4ቱ አንዷ አጭር፣ መቃኛዋ አንገቱ ጎን ላይ። ስዊኒ የተወለደው በ1810 ነው!

ያ ሠዓሊ ክሮቹን እንደ ዶሮይቱ የመጀመሪያ ሥዕል በግምት ቢደረድር ኖሮ ዛሬም ፈጣሪው ስዊኒ ነው ይባል ነበር።


ባለማሲንቆው | ታኅሣሥ 24፣ ከምሽቱ 5፡10

ይህን ስዕል አላውቀውም ነበር። እግዜር ይስጥህ።

ለትዝታ አንድ ልጨምር። ባንጆ ከኛ የመጣ ነው አልልም፤ አይደለም፣ የኛ ሌላ መንገድ ነው። ሠሪ ሆኖ ለሚያየው ግን ክራርና ባንጆ ጭራሽ አይገናኙም። ክራር አንገት የለውም፤ ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ ቀንበር፣ ክሩ ከቀንበሩ ወደ ገበቴው ይወርዳል። ጣት ክር የሚጫንበት እንጨት የለም። ማሲንቆ ግን አንድ አንገት ነው ያለው፤ እንጨቱ በሳጥኑ ውስጥ ዘልቆ በሥሩ ብቅ ይላል። ያ የአኮንቲንጉ ረጅም እንጨትም በቅሉ ውስጥ እንዲሁ ነው የሚያልፈው። የኛው በጭራ ደጋን ይሳባል፣ የነሱ በጥፍር ይመታል እንጂ አናጢው ቢገናኝ ይግባባል።


ትዝታ ሜጀር | ታኅሣሥ 25፣ ከጠዋቱ 2፡20

እሺ፣ ተረታሁ። "የፈረንጅ መጥበሻ" ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ከተረታሁ አይቀር ልጠይቅ፦ ባንጆ ክራርን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ። አማቾቹ በገናና ማሲንቆ ናቸው። "እስከ 7 ቤት ቁጠር" ይሉታል።


እርሳስ በጆሮ | ታኅሣሥ 25፣ ከጠዋቱ 2፡24

ትዝታ!!! ይህን በዕረፍት ቀን ነው የምሠራው፤ በድካም አልነካውም።


የመንታ እናት | ታኅሣሥ 26፣ ከቀኑ 10፡00

መንታ ወንዶች አሉኝ፣ 6 ዓመታቸው ነው። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ብለሻል፤ እነሱ ሁለት ሰው ናቸው፤ ሆኖም አንድ ወረቀት ይበቃናል። አንዱ አንበሳ ይላል። ሌላው ባጃጅ። ከትናንት ጀምሮ እየተደባደቡ ነው። እባክሽ።


እርሳስ በጆሮ | ታኅሣሥ 29፣ ከምሽቱ 4፡15

ለመንቶቹ፦ አንበሳ ባጃጅ ይነዳል። የባጃጁ 3ቱ ጎማዎች ባንጆዎች ናቸው። የቆዳ መወጠሪያ መንጠቆዎቹ ዙሪያውን እንደ ጎማ ብሎን ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ 24፣ በጠቅላላ 72። (ጋሼ ይቆጥራሉ ብዬ ሁሉንም ሳልኳቸው። እጄ ዛለ።) መንገዱ ኮብልስቶን ስለሆነ ጎማዎቹ በዞሩ ቁጥር ይዘፍናሉ፤ የኋላ ተሳፋሪዋ ቀጭኔ ጣሪያውን ቀዳ እየጨፈረች ነው።

በነገራችን ላይ መንጠቆዎቹን ስስል የከበሮ ነገር ትዝ እያለኝ ነበርና ትክክል ሆኖ ተገኘ። እዚሁ ባልቲሞር በ1840ዎቹ ዊልያም ባውቸር የሚባል ከበሮ ሠሪ ነበር፤ የከበሮ ቆዳ የሚወጠርበትን ዓይነት ብረት ባንጆ ላይ አድርጎ ይሠራ ነበር። የሠራቸው ባንጆዎች ስሚዝሶንያን ሙዚየም አሉ። ቅሉ ቀርቶ የእንጨት ክብ የመጣበት ዘመን ነው። ከኔ ቤት በመኪና 1 ሰዓት አይሞላም፤ ሄጄ ሱቁ የነበረበትን መንገድ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

የሰፌድ ነኝም ደርሷል። እብቁ ወፍ ሆነ፣ ከወፎቹ አንዷ ተመልሳ ጤፉን እየለቀመች ነው።

[ምስል፦ ባጃጅ በ3 ባንጆ]
[ምስል፦ ጤፍና ወፍ]


የመንታ እናት | ታኅሣሥ 29፣ ከምሽቱ 4፡40

አሁን የሚጣሉት ቀጭኔዋ የማን ናት በሚል ነው። ተባረኪ።


ሳቅ በሳቅ | ጥር 1፣ ከቀኑ 8፡30

የኔ ደግሞ ቀላል ነው። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የድሮ ፖስተር አያይዤልሻለሁ። እንደዚህ ባለ አሳሳል ባንጆ የሚመታ ሰውዬ፣ ፊቱ ጥቁር ከሰል፣ ከንፈሩ ቀይና ትልቅ፣ ዓይኑ የተጎለጎለ፣ ሱሪው አጭር። በጣም ያስቃል።


እርሳስ በጆሮ | ጥር 1፣ ከምሽቱ 2፡10

ሳቅ፣ ይህን አልስለውም። በክፋት እንዳልጠየቅክ አውቃለሁ፤ ፖስተሩ ምን እንደሆነ ልንገርህ።

ከ1830ዎቹ ጀምሮ ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ እያጠቆሩ፣ ከንፈራቸውን እያሰፉ፣ ባንጆ ይዘው መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። ባርነት ገና በነበረበት አገር፣ ባሪያው ሞኝ፣ ሰነፍና ደስተኛ ነው ብለው እያሳዩ ሕዝቡን ያስቁ ነበር። ፖቶማክ ዳር የጠቀሰው ስዊኒም ከነሱ አንዱ ነው። ትርኢቱ አገር ለአገር ዞረ፤ የዘፈን ወረቀቱ፣ ማስታወቂያው ሁሉ ባንተ ፖስተር ዓይነት ሥዕል ተሞላ። ጥቁሮቹ የፈጠሩትን መሣሪያ ወስደው መሳቂያ ማድረጊያ አደረጉባቸው። ብዙ ጥቁር አሜሪካዊ በኋላ ባንጆ መንካት የጠላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ይባላል።

እኔ ባንጆ ስስል ይህ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አብሮኝ ይቀመጣል። የማስቀው በዶሮ፣ በጀበና፣ በባጃጅ የሆነው ለዚህ ነው።


የቄራ ልጅ | ጥር 1፣ ከምሽቱ 2፡35

ኧረ አታካብዱ። ጥቁር ናት፣ ለጥቁር ነው የምትስለው። የኛ አገር ቀልድ ላይ ስንት ነገር ይባል የለ?


ሳቅ በሳቅ | ጥር 1፣ ከምሽቱ 2፡41

የቄራ ልጅ፣ አትሟገትልኝ። እኔ ፒያሳ ቁጭ ብዬ የቡሽ ከሰሉን ከየት አውቄው? ፎቶውን አንሥቻለሁ። አፍሬያለሁ፣ ትንሽም ተናድጃለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ላይ። ነገ እመለሳለሁ።


አወያይ | ጥር 1፣ ከምሽቱ 3፡00

ፖስተሩ ተነሥቷል። ክርክሩን ወደ ሌላ ክር ውሰዱት፤ እዚህ ሥዕል እንጠብቅ። (እኔም ተራ ይዣለሁ፤ ከአወያይነቴ ጋር አይያያዝም።)


ፖቶማክ ዳር | ጥር 1፣ ከምሽቱ 4፡20

አወያይ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ነገር ብቻ። ለዚያ ፖስተር መልስ የሰጠ ጥቁር ሠዓሊ አለ። ሄንሪ ኦሳዋ ታነር፣ ፒትስበርግ በ1859 የተወለደ፣ በኋላ ፓሪስ የኖረ። በ1893 አንድ ሽማግሌና አንድ ትንሽ ልጅ ባንጆ ሲማማሩ ሳለ። ሥዕሉ ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ነው፤ ሁለት ጊዜ መኪናዬን ሩቅ አቁሜ በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ። ማንም አይስቅበትም። ልጁ ሽማግሌው ጉልበት መሃል ቆሟል፤ ባንጆው ለቁመቱ ትልቅ ስለሆነ ሽማግሌው አንገቱን ደግፎ ክብደቱን ይዞለታል፣ መምታቱን ግን ለልጁ ትቶታል። ብርሃኑ ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ የምድጃ እሳት።

ሌላም ላክል። በ2005 ሰሜን ካሮላይና ቡን ከተማ ጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ተሰብስበው ነበር፤ ዘፋኝና ባንጆ ተጫዋቿ ሪያነን ጊደንስ ከነባንዷ የወጣችው ከዚያ ነው። መሣሪያው ወደ ልጆቹ እየተመለሰ ነው።


ሳቅ በሳቅ | ጥር 2፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሥዕሉን አየሁት። ብዙ ቆየሁበት።

ጥያቄዬን ቀይሬያለሁ። እኔን አያቴ ናቸው ያሳደጉኝ። ብስክሌት ሲያስተምሩኝ ኮርቻውን ከኋላ ይይዙልኝ ነበር፤ የለቀቁኝ መቼ እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ሰው አታድርጊው። ኤሊ አድርጊው።


እርሳስ በጆሮ | ጥር 6፣ ከምሽቱ 3፡30

ለሳቅ፦ ትልቁ ኤሊ፣ ትንሹ ኤሊ። የባንጆው ገላ የኤሊ ድንጋይ ነው፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከታነር የወሰድኩት ክብደቱን መያዙን ብቻ ነው፤ ትልቁ አንገቱን በአንድ እግሩ ደግፎ ወደ ሌላ ቦታ ያያል፣ የማይረዳ ለመምሰል። ቢጫው የፋኖስ፣ ሰማያዊው የመስኮት ነው። ቀልድ አስገባለሁ ብዬ ጥግ ላይ ጥንቸል ስዬ ነበር፤ ስላልተመቸችኝ በውኃ አጠብኳት። ጥላዋ ግን ቀርቷል።

[ምስል፦ ሁለት ኤሊ]


ሳቅ በሳቅ | ጥር 6፣ ከምሽቱ 3፡52

አትሜ አንጠልጥዬዋለሁ። ጥላዋን አይቻታለሁ።


ብራና ወዳጅ | ጥር 7፣ ከቀኑ 9፡10

በብራና አሳሳል ይቻልሻል? ትልልቅ ዓይን፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ንጉሥ ዳዊት በገናውን አስቀምጦ ባንጆ ሲደረድር።


ሰሞነኛ | ጥር 7፣ ከቀኑ 11፡25

ዳዊትንስ ተዉት። በገናው ጌጥ አይደለም፤ 10ሩ አውታር ትርጉም አለው፣ ጸሎት ነው። ድሮ ክራርን እንኳ "የሰይጣን ነው" እያሉ ከበገና አያቀርቡትም ነበር። አልተቆጣሁም፤ ብቻ ተዉት።


እርሳስ በጆሮ | ጥር 13፣ ከምሽቱ 2፡45

የጥምቀት ሰሞን ብዕር አልነካሁም፤ አሁን ተመለስኩ።

ሰሞነኛ፣ ቃልዎን ሰምቻለሁ። ዳዊት በገናውን አልለቀቀም፤ 10 አውታር፣ በርኩማው ሳይቀር። ብራና ወዳጅም ባንጆውን አላጣም፤ ታች ኅዳጉ ላይ፣ ከሐረጉ ሥር፣ አንዲት አይጥ ባንጆዋን አስቀምጣ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች። በመጀመሪያ በጎን ስያት ነበር። ቀለም ልቀባ ስል ደነገጥኩ፤ በኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉው ነው! ፊቷን አዙሬ ሁለቱንም ዓይኗን ሰጠኋት።

[ምስል፦ ዳዊትና አይጥ]


ሰሞነኛ | ጥር 13፣ ከምሽቱ 3፡05

አይጧ እንግዲህ ከጻድቃን ወገን ሆነች?


እርሳስ በጆሮ | ጥር 13፣ ከምሽቱ 3፡07

ብራናውን እስክትበላ ድረስ።


ሰሞነኛ | ጥር 13፣ ከምሽቱ 3፡09

ሃሃሃ። ይሁን። እግዚአብሔር ይስጥልን።


ከጅዳ | ጥር 14፣ ከሌሊቱ 6፡40

ሥራ ጨርሼ አሁን ነው ስልኬን የያዝኩት። ሁሉንም ከመጀመሪያው አነበብኩት፣ ትራሴ ሥር አፌን ይዤ እየሳቅኩ። የኔ ፍየል ናት። ባንጆ ሱቅ ገብታ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን እያየች "አጎቴ!" ስትል።


እርሳስ በጆሮ | ጥር 17፣ ከምሽቱ 4፡00

ለከጅዳ፣ ከፍቅር ጋር። ፍየሏ ጥቁር ነጠላ አጣፍታ ሱቁ ገብታለች፤ ለቅሶ ደራሽ ናት። ባለሱቁ ደንግጦ ከጀርባው ሌላ ባንጆ እያወጣ ነው፣ "እትዬ፣ ይቺ ፕላስቲክ ናት!" እያለ። (ከ1950ዎቹ ወዲህ አብዛኛው ባንጆ የሚወጠረው በፕላስቲክ ነው፤ እርጥበት አያላላውም፣ ደረቅ አየር አይቀድደውም። ፍየሏም እኔም ይህን ቀድመን ብናውቅ ጥሩ ነበር።)

[ምስል፦ ፍየል በባንጆ ሱቅ]


ከጅዳ | ጥር 17፣ ከሌሊቱ 7፡15

ነጠላው! የቤቱን ልጆች ቀሰቀስኳቸው። ኑሪልኝ።


እርሳስ በጆሮ | ጥር 21፣ ከምሽቱ 2፡20

በመጨረሻም የትዝታ ሜጀር ሽምግልና። ትልቅ ወረቀት ላይ ነው፤ ሁለት ቅዳሜ ወሰደ።

በገና መሃል ተቀምጧል፣ አይናገርም። ጠያቂው ማሲንቆ ነው፤ ጋቢ ለብሶ ደጋኑን እንደ ከዘራ ተመርኩዟል። ክራር ከመጋረጃ ጀርባ ቀንበሯ ብቻ ይታያል። ባንጆ ሱፉን ለብሶ፣ 24ቱ መንጠቆዎች እንደ ቁልፍ ተቆልፈው፣ ላብ በላብ ሆኖ ዘሩን ይቆጥራል። ከጀርባው እየደበዘዙ የሚሄዱ አያቶች ተሰልፈዋል፤ የባልቲሞሩ የእንጨት ክብ፣ ከሱ ኋላ የሳውዝ ካሮላይናው ባለ 4 ክር ቅል፣ ከሱ ኋላ የጃማይካው፣ ከሱ ኋላ መርከብ፤ መርከቡ ላይ ማንም አልሳልኩም። ከመርከቡ ወዲያ ወንዝ ዳር አኮንቲንግ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። አምስት ሆኑ። ሁለቱን ቦታ ባዶ ተውኳቸው።

[ምስል፦ ሽምግልና]


ትዝታ ሜጀር | ጥር 21፣ ከምሽቱ 2፡58

ልጅቷ ተሰጥታለች። በገና ዝም ያለው እሺ ማለቱ ነው።


ፖቶማክ ዳር | ጥር 21፣ ከምሽቱ 4፡30

መርከቡ ላይ ቆምኩ። ነዳጅ ማደያ ነኝ፣ መኪናውን አጥፍቼ።


ባለማሲንቆው | ጥር 22፣ ከምሽቱ 1፡40

ልጄ፣ እኔ እስካሁን ተራዬን አልጠየቅኩም። የምጠይቅሽ ያንን የተቀደደውን ባንጆሽን ነው። ዶሮም አይጥም አታግቢበት። እንዳለ፣ ጎኑን አስተውለሽ ሳይልኝ።


እርሳስ በጆሮ | ጥር 24፣ ከምሽቱ 3፡00

ይኸው ጋሼ። ከመስመር ውጪ ምንም አልጨመርኩም። እርሳስ ብቻ ነው።

[ምስል፦ የተቀደደው]


ባለማሲንቆው | ጥር 24፣ ከምሽቱ 3፡45

ቆጠርኩት። ቀዳዳው 24 ነው፣ መንጠቆው 21። ሦስቱ የጎደሉት ጎን ለጎን ናቸው፣ ከአጭሯ ክር በኩል። ትርተራውም የጀመረው ከዚያው ጎን ነው። ማሞቂያው ቆዳውን አድርቆ አኮማተረው፤ ሦስቱ በሌሉበት በኩል ላላ፣ በዳሩ ጎተተ፣ በመጨረሻ ተቀደደ። ይህን ባንጆ ስትስዪ የከረምሽው እኮ ሁልጊዜ 24 አድርገሽ ነው!

መንጠቆ ከሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ይገኛል፤ አንዱን ነቅለሽ ለመለኪያ ይዘሽ ሂጂ። ቆዳውን እኔ በፖስታ እልክልሻለሁ፤ ለማሲንቆ ያስቀመጥኩት የፍየል ቆዳ አለ፣ ፍየሏ ትወቅሰኝ። በቀዝቃዛ ውኃ እስኪለሰልስ ንከሪው። የብረት ቀለበቱ ላይ ጠቅልይው፣ የላዩን ቀለበት አስገቢ፣ መንጠቆዎቹን ዙሪያውን እኩል እኩል፣ በጣት ብቻ፣ ሳታጠብቂ። አንዱን ጨርሰሽ ወደ ቀጣዩ አትሂጂ፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ያዢ። ከዚያ ተዪው፤ ራሱ ይደርቃል። ማሞቂያ አጠገብ እንዳታስቀምጪው!


እርሳስ በጆሮ | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 4፡10

ቆዳው ደረሰ። 3 መንጠቆ ገዛሁ፤ አንዱ ትንሽ ይረዝማል ግን ይይዛል። ቆዳውን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነክሬ ረስቼው አብራኝ የምትኖረው ልጅ ገብታ ጩኸቷ እስከ ምድር ቤት ተሰማ። አሁን ወጥሬው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ እርጥብ ነው፣ ቤቱ ሁሉ በግ ተራ በግ ተራ ይሸታል። ማሞቂያውን አጥፍቼ በካፖርት ነው የምጽፈው።

ወረቀት የማስቀምጥበት ቦታ ስለሌለኝ የአወያይና የሌሎቻችሁ ተራ እስኪደርቅ ይጠብቃል።


ባለማሲንቆው | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 4፡22

በጣትሽ እንዳትነኪው።


እርሳስ በጆሮ | የካቲት 3፣ ከምሽቱ 4፡23

ነክቼዋለሁ ጋሼ።